ስለ ተርቦ ግፊት መለኪያ አነባበብ



ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ይገፋል። በዚያ ላይ ጉልበት ሲያጥረው ባለንብረቱ ሾፌሩን ሰነፍ ይለዋል፤ ሾፌሩም ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። የጌጁን ንባብ ቢያውቁ ግን ጠቡ ባልተነሣ ነበር።

ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሒ እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ባስመዘገበው ሐሳብ መሠረት፣ የሞተሩ የጋለ ጭስ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም የአየር ማመቂያውን አዙሮ የታመቀ አየር ወደ ሞተሩ ያስገባል። ጌጁ የሚያሳየው ይህ የታመቀ አየር ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ ባዶ መኪና በሜዳ ሲሄድ መርፌው ዝቅ ቢል ሕመም አይደለም፤ ሥራው ሲቀል ጭሱም ያንሳልና።

በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት በካሬ ኢንች 14.7 ፓውንድ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ መርፌው በሁለቱም ስፍራ 20 ቢያሳይ፣ ድምሩ በመጀመሪያው 34.7፣ በሁለተኛው 31 ነው። ንባቡ አንድ፣ አየሩ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ሾፌሩ መኪናው ደኅና ሳለ በዳገቱ ያየውን ቁጥር ይጻፍ። በዚያው ጭነት፣ በዚያው ማርሽ መርፌው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ጥቁር ጭስ ከታየ፣ የሚያፈስ የአየር ቱቦ ወይም የተደፈነ ማጣሪያ ይፈለግ። ያን ጊዜ ነዳጅ መጨመር ሙቀቱን አብዝቶ ሞተሩን ይጎዳል።

ስለዚህ ቁጥሩን ከጭነቱና ከከፍታው ጋር እናንብበው፤ ሰውንም ከመውቀሳችን በፊት መርፌውን እንይ።