ሳይንኳኳ የምንሰማው በር
(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



ኢንተርን በነበርንበት ዘመን ተረኛ ክፍል ጋደም ስንል የሚቀሰቅሰን በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። “ዶክተር፣ ድንገተኛ ትፈለጊያለሽ!” ካለ በእርግጥ ተፈልገናል። ካላንኳኳ ደግሞ ሃያ ደቂቃም ብትሆን እንተኛለን። ዛሬ በሩ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል፤ ሲንኳኳ ውሎ ሲንኳኳ ያድራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊት እየነቃሁ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ልቤ ይመታል፤ ጥርሴን ነክሼ እነቃለሁ። ታይሮይዴን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። ኪሴ ውስጥ የነዘረ መስሎኝ ሳወጣው ምንም የለም። ይሄ የእኔ ብቻ አይደለም። በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል መጠይቁን ከመለሱት የሕክምና ሠራተኞች 68 በመቶው እንዲሁ ያልነዘረው ነዝሮባቸዋል።

“ታዲያ ለምን አትዘጊውም?” ይለኛል ባለቤቴ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዘግቼው በሽተኛ ቢሞትስ ብዬ እፈራ ነበር።

ሐሳቤን የቀየረው አንድ ምሽት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም የኩላሊት ታማሚ ኢሲጂ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፈ። ቲ ዌቩ ሾሏል፤ ፖታሲየም ነው። አየሁት። እራት እያቀረብኩ ስለነበር “ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ይመልስለታል” ብዬ አለፍኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስመለስ ሃያ ስድስት ሰው አይቶታል፤ የመለሰ አንድም የለም። ደወልኩለት፤ ካልሲየም ግሉኮኔቱን ሰጠ። ታማሚው ተረፈ። ያ ልጅ ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ብቻውን ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ “አለሁ” ስል፣ በሚያስፈልገው ሰዓት አልነበርኩም።

በማግስቱ ከባልደረቦቼ ጋር ተስማማን። አጣዳፊ ነገር በስልክ ጥሪ ብቻ፣ ያውም ስሙ ለሚታወቅ ተረኛ። ግሩፑ ለትምህርትና ለማስታወቂያ ይሁን። የቴሌግራሙን ድምፅ ዘጋሁ፤ የጥሪውን አልዘጋሁም። ስልኬ ሳሎን ያድራል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሱሰኛ ስቁነጠነጥ ከረምኩ። ጭንቀቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልላችሁም፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል። እናንተ ላይ ከባሰባችሁ ደግሞ ሐኪም ነን ብላችሁ ራሳችሁን አታክሙ፤ ባልደረባችሁ ጋ ሂዱ። እኔም ሄጃለሁ።

መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ለተማሪ የምትልኩት መልእክት እስከ ጠዋት ቢቆይ ምን ይጎድላል? ተማሪው እኮ እስኪነጋ ይጠብቃችኋል።

ለባቾቼም፦ የዛሬውን ፎቶ ነገ ለጥፉት። ዛሬ እንጨዋወት።