ሕመሙን የማይናገር ጓደኛ

ዛሬ ስለ ውሻ እናውጋ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1914፣ በጀርመን አገር ቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ ጥንታዊ መቃብር አገኙ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀብረውበታል። ከእነሱ ጋር የቡችላ አጥንትም ነበር። መቃብሩ 14 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በዚያ ዘመን በዚያ አገር እርሻ የለም፤ በግ የለም፣ ላም የለም፣ የሚጠበቅ ግቢም የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች የቡችላውን ጥርሶች ሲመረምሩ ምን አገኙ መሰላችሁ? ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው የሞተው ይህ ቡችላ፣ ዛሬም ቡችሎችን የሚፈጀው ዲስቴምፐር የተባለው በሽታ ደጋግሞ ጥሎት እንደነበር አዩ። በዚህ በሽታ የተያዘ ቡችላ አስታማሚ ከሌለው ብዙም አይቆይም። እሱ ግን ለሳምንታት በሕይወት ቆይቷል። ስለዚህ ውሃ የሚያጠጣው፣ ከሥሩ የሚያጸዳለት፣ ሲበርደው የሚያሞቀው ሰው ነበረው ብለው ደመደሙ።

እስቲ አስቡት። የታመመ ቡችላ ለአደን አይሮጥም፣ አውሬ አያባርርም። ለራሳቸው የዕለት ጉርስ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሰዎች፣ ምንም ለማይሠራላቸው ፍጥረት ቁጭ ብለው ሌሊቱን አነጉ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከልቤ አልወጣም።

በእኛ አገር ውሻ ሥራ አለው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ሌሊቱን ይጮኻል። ከደጅ አልፎ ወደ ቤት አይገባም። ይህ ከእምነትም ከንጽሕናም የመጣ ልማድ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ውሻ ከእምነታችን መጻሕፍት ውስጥ ጨርሶ አልተባረረም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ረጅሙን መንገድ ሲጀምር ውሻው ተከትሎት ይወጣል። በወንጌልም በባለጸጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ ባለጸጋው በዚያው ደጅ ሲወጣ ሲገባ አልዓዛርን እንዳላየው ልብ በሉ። በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ከዋሻው አፍ ላይ ተኝቷል። በሐዲስም በጥም የሚያለከልክ ውሻ አይቶ ወደ ጉድጓድ የወረደውን፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውንና በዚህም የአላህን ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

የእኛ ውሻ ቦቢም ወደ ቤታችን የመጣው ለጥበቃ ነው። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ፣ ተራ የሰፈር ውሻ ነው። ያስተማረኝን ሁሉ ብዘረዝር ሰዓቱ አይበቃኝም። አንዱ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ እሱም ማየት ነው።

ውሻ የት እንዳመመው አይናገርም። ሐኪም ቤት ስትወስዱትም “ሆዴን ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀመረኝ” አይልም። ብዙ ውሾች እንዲያውም ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ አብሮት የሚኖር ሰው ልብ ማለትን መልመድ አለበት። ዛሬ ውሃውን ጠጥቷል? ሲነሣ የኋላ እግሩን ለምን ቀስ አደረገው? ጆሮውን እያከከ ነው፤ ራሱንስ ወደ አንድ ወገን ለምን አዘነበለ? እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ በር የሚሮጠው ዛሬ ለምን ከጥላው ሥር ሆኖ ብቻ ጮኸ? ቦቢ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ደርሶ ቆም ማለት በጀመረ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ምልክት ያቺ ቆም ማለት ብቻ ነበረች። ሐኪሙ ዳሌውን በእጁ እየዳበሰ “መገጣጠሚያው ነው፣ በጊዜ መጥታችኋል” አለን።

ውሾች እኛን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ውሻንና ተኩላን አነጻጽሮ ነበር። ውሻ የቅንድቡን የውስጥ ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሣበት ጡንቻ አለው፤ ተኩላ ላይ ግን ያ ጡንቻ እምብዛም የለም። ያ የሚያባባ አስተያየት፣ እህል ስንቆርስ ከታች ቀና ብሎ የሚያየን ዓይን፣ በሺዎች ዓመታት አብሮ መኖር ከእኛ ጋር ለመግባባት የተበጀ ይመስላል። እኛስ እነሱን ምን ያህል እናያለን?

አሁን ደግሞ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን ናት። “እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?” ስላት “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ትላለች። ጉልበቷ ሲያብጥም ደህና ናት፤ እንቅልፍ አጥታ ስታድርም ደህና ናት። እኔም መልሷን ተቀብዬ ወደ ጉዳዬ እሄድ ነበር፤ አብዛኞቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከቦቢ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን መልሷን ብቻ መስማት አልበቃኝ አለ። ቡና ስታፈላ ጀበናውን በየትኛው እጇ እንዳነሣች አያለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታጥፍ ቁጭ ካለች መድከሟ ይገባኛል። አንድ ቀን “ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታፈጥብኝ?” ብላ ተቆጣችኝ። “ደረጃው ላይ ቆም ስትዪ አይቼ ነው፣ እማዬ” አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ “አዎ፣ ይቺ የቀኟ ጉልበቴ ትንሽ ታመኛለች” አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጉልበቷ በራሷ አፍ አንድም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃም ከቦቢ ነው የተማርኩት። በየቤታችን የተረፈውን ወጥ ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስለናል። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መቀቀሉም መርዝነታቸውን አያጠፋውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። በፋሲካ ማግስት ስንቱ ውሻ በፍቅር ተጎድቶ ይሆን? እኛን ደስ የሚለን ለእሱ የሚበጀው ላይሆን ይችላል።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት ክንድ በምትሞላ ሰንሰለት ታስሮ የሚኖር ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ የሚፈራ፣ የሚያየውን ሁሉ የሚነክስ ፍጥረት ይሆናል። ከዚያ “ይህ ውሻ ክፉ ነው” እንላለን። ክፋቱን ያበጀነው ግን እኛው ነን። ጠዋት ማታ ጥቂት ማንሸራሸር፣ ጥላ፣ ንጹሕ ውሃ፤ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ከመቶ 99ኙ በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። ከተነካሾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በፊት ግን መዳን ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ ይታወቃል። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ወዲያው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን ይጀምር፣ የታዘዘለትንም ሁሉ ይጨርስ። እባካችሁ፣ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ልጅ ሲነከስ “ይቆጡኛል” ብሎ ይደብቃል፤ እንደሚደብቅ አውቃችሁ አስቀድማችሁ አይዞህ በሉት።

በከተሞቻችን ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ሆኖ የቆየው የመንገድ ውሻን በመርዝ መግደል ነበር። ጭካኔውን እንኳ ብንተወው፣ በሽታውን አያቆመውም፤ የሞቱትን የሚተኩ ያልተከተቡ ውሾች ከሌላ ሰፈር ይመጣሉና። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ይህ የሰፈር ጉዳይ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ 500 ገደማ ነው፤ አብዛኛው የሚገኘው በባሌ ተራሮች ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያው በባሌ የወብ ሸለቆ ቀበሮዎችን ፈጅቷቸዋል። ለከብት ጥበቃ ከእረኛው ጋር ወደ ተራራ የወጣ ያልተከተበ ውሻ፣ ሌላ አገር የማይገኝ ፍጥረት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የእረኞችን ውሾች የሚከትቡ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲለፉ ኖረዋል። በእኔ ግምት በአገራችን ከሚሠሩት ብዙ ከማይነገርላቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18 ቀን፣ በመስቀል ማግስት፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በዓለም ዙሪያ ይታሰባል፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። ውሻ ያላችሁ አድማጮቼ፣ ያን ቀን አትጠብቁ። ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬ ደውሉና ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ስትሄዱም ልጆቻችሁን አስከትሉ፤ ሐኪሙ ውሻውን ሲወጋ ራሱን የሚደባብሱት እነሱ ይሁኑ።