የማይጫወት ፋይል የጠፋ ፋይል አይደለም፦ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ችግሮችን በሥርዓት ስለ መመርመር



በጣና ዳርቻ ለሚሠራ ተመራማሪ ቪዲዮ ከማስታወሻ ደብተር ያልተናነሰ መሣሪያ ሆኗል። በዘጌ ገዳማት የግድግዳ ሥዕሎች፣ የቅኔ ቤት ጉባኤ፣ የደንገል ታንኳ አሠራር፣ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ያስከተለው ለውጥ፣ ይህ ሁሉ በስልክና በካሜራ ይቀረጻል። የዛሬው ንግግሬ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስለሚገጥመው ችግር ነው። ተማሪው ፋይሉን ወደ ማቀናበሪያው ሲያስገባ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ወይም ጨርሶ አይከፈትም፣ ወይም ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ይለያል። በዚህ ጊዜ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ፍርዱን ተከትሎ የሚመጣው ማጥፋት ግን ሊመለስ አይችልም።

ጉዳዩ የቴክኒክ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ያልሆነበትን ምክንያት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በዚህ አካባቢ ሲያልፍ፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገር ዘግቦ ነበር። ዛሬ ማኅበረሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ ያ ቋንቋ በድምፅ ሳይቀረጽ ጠፍቷል። በዚያ ዘመን መቅረጫ አልነበረም። በእኛ ዘመን ግን መቅረጫ በየኪሱ አለ። ስለዚህ የአንድ አረጋዊ ታንኳ ሠሪ ቃል በእጃችን ከገባ በኋላ በፎርማት አለመጣጣም ምክንያት ቢጠፋ ምክንያት አድርገን የምናቀርበው ነገር አይኖረንም።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ መያዣውንና ይዘቱን። ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ፣ ኤምኬቪ የምንላቸው መያዣዎች ናቸው። አገልግል ከውጭ ሲታይ ዶሮ ወጥ ይያዝ ሽሮ አይታወቅም፤ የፋይል ስም ቅጥያም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ባለው የአጨማመቅ ስልት፣ ማለትም በኮዴኩ ነው። ኤች.264 በ2003፣ ኤች.265 ደግሞ በ2013 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የወጡ ስልቶች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የኤምፒ4 መያዣ ውስጥ ይገኛሉ። የመጀመሪያውን በቀላሉ የሚያጫውት ላፕቶፕ ሁለተኛውን ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ ከግምት በፊት ሚዲያኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ኮዴኩን፣ የፍሬም ብዛቱንና የምስሉን መጠን መመዝገብ ይገባል።

ቀጥሎ የመቆራረጥን ምክንያት እንመልከት። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚጫወት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ፍሬም ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥቦች አሉት፤ ይህም ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ይህ ሁሉ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። ኮዴኩ ይህን የሚያሳንሰው እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ ባለመጻፍ ነው፤ አንዱን ሙሉ ይጽፍና በተከታዮቹ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ለተመልካች ይህ አይታወቅም። አቀናባሪው ግን በቪዲዮው መካከል ወዳለ አንድ ነጥብ በዘለለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሙሉው ፍሬም ጀምሮ መቁጠር አለበት።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ውጤት ይከተላል፤ ትንሽ ፋይል ቀላል ፋይል ማለት አይደለም። በጣም የተጨመቀ የስልክ ቪዲዮ ለዲስክ ይቀላል፣ ለፕሮሰሰር ግን ይከብዳል። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ሳይሆን ምትክ ፋይል ማዘጋጀት ነው። ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፕሮክሲ የሚባለውን ምትክ ይሠራሉ። በዲኤንኤክስኤችዲ 36 የተዘጋጀ የፉል ኤችዲ ምትክ በሰዓት 16 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ከዋናው ሊበልጥም ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ችሎ ስለ ተጻፈ ሥራው ይፈጥናል። የመጨረሻው ቅጂ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል፤ ጥራት አይጎድልም።

ምርመራው ቅደም ተከተል ይኑረው። በመጀመሪያ ዋናውን ፋይል በቪኤልሲ ክፈቱ። እዚያ ተጫውቶ በማቀናበሪያው ካልተከፈተ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የመጣጣም ነው። ቀጥሎ ከፍላሽ ወይም ከውጫዊ ዲስክ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጣዊ ዲስክ ገልብጡና ሞክሩ፤ ከተሻሻለ ችግሩ የማንበብ ፍጥነት ነበር። ከዚያ የማጫወቻውን ጥራት ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሩብ ዝቅ አድርጉ፤ የቀለም ማስተካከያዎችንም ለጊዜው አጥፉ። አሁን ከተስተካከለ ጥፋቱ የአቅም ነው፤ ምትክ ፋይል ይፈታዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አራት ነገር በአንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

የድምፅና የምስል መለያየት ሌላ ምንጭ አለው። ብዙ ስልኮች የፍሬሙን ብዛት እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ያለዋውጣሉ። በጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተቀረጸ ረጅም ቃለ ምልልስ ሲጀምር ገጥሞ ሲያልቅ የሚለያየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ብዛት መቀየር ያስተካክለዋል። ከዚሁ ጋር የሚዛመድ የአገራችን ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ በሰከንድ 30 ፍሬም በ1/60 የመዝጊያ ፍጥነት ሲቀረጽ በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ይታያል። ይህን ሶፍትዌር በቀላሉ አይፈታውም። ከመነሻው 25 ፍሬምና 1/50 መምረጥ ይበጃል።

በእውነት የተጎዳ ፋይልም አለ። ኤምፒ4 ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ባትሪ በመሀል ካለቀ ወይም መብራት ከጠፋ ምስሉ ካርዱ ላይ አለ፣ ማውጫው ግን የለም። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ነገር አትቅረጹ፣ ፎርማትም አታድርጉ። በዚያው ካሜራና በዚያው አቀማመጥ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይልን ዋቢ አድርገው ማውጫውን መልሰው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ትምህርት በኦቢኤስ የምትቀርጹ ደግሞ በኤምኬቪ ቅረጹ፤ መብራት ቢጠፋ እስከዚያ ያለው ይተርፋል። በኋላ ይዘቱን ሳይነኩ ወደ ኤምፒ4 ማዛወር ይቻላል። ይህ አገልግል መለወጥ ነው፤ ወጡ እንደገና አይሠራም።

የፊደላችን ነገርም አይዘንጋ። የግእዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ግን በግርጌ ጽሑፍ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የኤስአርቲ ፋይሉንም በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለተመራማሪ የሚገባውን ደንብ ላስቀምጥ። ዋናው ፋይል ምንጭ ነው፤ አይነካም። የተለወጠው ቅጂ፣ ምትኩና የተጠናቀቀው ሥራ ከእርሱ የወጡ ናቸው። ዋናውን በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ አስቀምጡ፤ በምን ፕሮግራም ምን እንደለወጣችሁም በአንዲት ገጽ ጻፉ። የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ግልባጩን ሲጨርስ እናቱን መጽሐፍ አያቃጥልም። እኛም «ተቀይሯል» ብለን ዋናውን አናጥፋ። ዛሬ አልከፈት ያለን ፋይል የነገ ሶፍትዌር ሊከፍተው ይችላል፤ ያጠፋነውን ግን ማንም አይከፍተውም።