ቃሉ ካለፈ በኋላ የቀረ ወረቀት



በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሸሕዲ ብመጣ ኖሮ ማንም ባልሰማኝ ነበር። ሰዉ ሰሊጥ አረም ላይ ነው፤ መረሬውም እግር ይዞ አይለቅ። አንዳንድ አሜሪካኖች ግን በአንድ ዘመን ፍልስፍናን የሚያደምጡት በእነዚሁ ወራት ነበር፤ በእነሱ አገር ሞቃታማው የዕረፍት ጊዜ ነውና።

በማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበው ፈላስፋ አሞስ ብሮንሰን አልኮት በ1871 ዓ.ም. በገዛ ቤቱ የፍልስፍና ጉባኤ ዘረጋ። በዓመቱ ግቢው ውስጥ የሳንቃ አዳራሽ ቆመለት። ፈተና የለ፣ ዲግሪ የለ፤ ተናጋሪና አድማጭ ብቻ። ጉባኤው እስከ 1880 ዓ.ም. ዘለቀ፤ አልኮትም በዚያው ዓመት አረፈ። ዘመኑን ለመገመት ያህል፣ አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ የወደቁት በተከታዩ ዓመት፣ በመጋቢት 1881 ነው።

በዚያ አዳራሽ የተባለውን ዛሬ የምናገኘው በብዛት ከታተመ ወረቀት ነው። የ1874ቱን ትምህርት ሬይመንድ ብሪጅማን ሰብስቦ በዓመቱ አሳትሞታል። መጽሐፉ የያዘው ግን ጭምቁን ነው፤ ጭምቁንም ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይተው አርመውታል። ስለዚህ የምናነበው መድረክ ላይ ያሉትን ሳይሆን፣ ካሰቡበት በኋላ «ብለነው በሆነ» ያሉትን ነው። አልኮት ደግሞ ስሙ የገነነው ሰዎችን አነጋግሮ ሐሳብ በማውጣት ነው። እንዲህ ያለው ወግ በጭምቅ አይያዝም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

የእኛ ቅኔ ቤት ከዚህ ይብሳል። አንድ ጊዜ የተቀኙትን ቅኔ ደግሞ መቀኘት ነውር ነው። ልማዱ አእምሮን ያነቃል፣ አልክድም፤ ግን ስንት ቅኔ ከአፍ ወጥቶ በዚያው ቀረ! ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ፣ የጠፋው ከዚህም በበዛ ነበር። እርሳቸውም ቢሆኑ ያተረፉት ቃሉን ነው፤ ዜማውና የመምህሩ እርማት ከጉባኤው ጋር ሄደዋል።

ለኮንኮርዱ ይበልጥ የሚቀርበው አዲስ አበባ ላይ የሆነው ነው። በኅዳር 1969 ዓ.ም. የአፍሪካ ፍልስፍና ጉባኤ ለሦስት ቀን ተካሄደ። ንግግሮቹን ለኅትመት ያዘጋጁት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክላውድ ሳምነር ናቸው፤ መጽሐፈ ፈላስፋንና የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ለዓለም በሰፊው ያስተዋወቁ ሰው። መጽሐፉ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። በመካከሉ ቀይ ሽብር አልፏል፤ በዚያ ዘመን የጉባኤ ወረቀት ይዞ መቆየቱም ቀላል አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የኮንኮርዱ መጽሐፍ የታተመው አድማጩ በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ የአዲስ አበባው ግን በውጭ አገር ቋንቋ። ከዚህ ተነሥቶ ጎንደርና ጎጃም ቅኔ ሊማር የወጣ የቆላ ልጅ፣ መምህር ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ስለ አፍሪካ ጥበብ እዚያ የተባለውን ተርጓሚ ካላገኘ አያነበውም።