የአዳራሽ እግር ኳስና የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ



የአዳራሽ እግር ኳስ ጥቅም ሲነሣ አስቀድሞ ሊታወስ የሚገባው፥ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ራሱ መምህር መሆኑ ነው። ኡራጓይ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አስተናግዳ ባሸነፈችበት ዓመት፥ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1930፥ ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በሞንቴቪዴዮ ከተማ ወወክማ ውስጥ ለወጣቶች በጣራ ሥር የሚካሄድ እግር ኳስ አዘጋጀ። የተጫዋቾቹን ቁጥር ከቅርጫት ኳስ፥ የግቡን መጠን ከእጅ ኳስ ወሰደ። ዛሬ ፉትሳል የሚባለው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1989 በኔዘርላንድስ የመጀመሪያውን የፊፋ የዓለም ሻምፒዮና ለማየት በቅቷል።

የጥቅሙ ምንጭ ደንቡ ነው። በ105 በ68 ሜትር ሜዳ ላይ 22 ሰዎች ሲጫወቱ ለአንዱ የሚደርሰው ስፍራ 325 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ40 በ20 ሜትር አዳራሽ ግን በረኞችን ጨምሮ 10 ተጫዋቾች ስለሚሰለፉ ድርሻው 80 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ኳሷ ከማንም እግር ርቃ አትቆይም።

ይህም ለመምህሩ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ለመላው ክፍል አንድ ኳስ ተሰጥቶ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ፥ ብርቱዎቹ ይጫወታሉ፤ ደካሞቹ የጓደኞቻቸውን ልብስ ይጠብቃሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልብስ ሲጠብቁ ያለፈው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ሒሳብ አይገባም።

በአዳራሹ ጨዋታ መደበቂያ የለም። ኳሷ ከ2 ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ ከ65 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለማትነጥር፥ ቁመትና ጉልበት ብቻቸውን አያዋጡም፤ መቆጣጠርና ማቀበል የግድ ይሆናል። አጭር ሩጫና ዕረፍት እየተፈራረቁ ልብንና ሳንባን ያሠለጥናሉ። ከዚህም ሌላ፥ ቡድኑ በአንድ አጋማሽ ስድስተኛውን ጥፋት ከፈጸመ ቅጣት ምቱን በተከላካይ ግንብ መሸፈን ስለማይፈቀድለት፥ የአንዱ ግድየለሽነት የሁሉም ዕዳ መሆኑን ልጁ በተግባር ይማራል።

ይሁን እንጂ ወለሉ ጠንካራ፥ ግድግዳውም ቅርብ ነው። ሰውነትን ሳያሟሙቁ ወይም በሚያንሸራትት ጫማ መግባት ለቁርጭምጭሚትና ለጉልበት አደጋ ይጋብዛል። አዳራሽ የሌለው ትምህርት ቤትም ተስፋ አይቁረጥ፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳው በሚገባ ያገለግላል።

ደንቡ ተጫዋች የመቀየርን ቁጥር አልወሰነም። ይህን መብት ለማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ሁሉን ለማሳተፍ የሚጠቀምበት መምህር የሙያውን ግዴታ ተወጥቷል። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ መጠየቅ ያለበትም ስንት ግብ እንደተቆጠረ ሳይሆን፥ ኳስ ሳይነካ ወደ ክፍሉ የተመለሰ ልጅ መኖር አለመኖሩ ነው።