ሲሚንቶው 7 ቀን ውኃ ይጠጣል

ወደ ሰሜን ተራሮች መንደሮች በእግር ለሚጓዙ በጎ ፈቃደኞች፣ ከመነሻቸው አስቀድሞ የተደረገ ንግግር



ከጥቂት ቀናት በኋላ ከደባርቅ ተነሥተን፣ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ቧሂትን ተሻግረን፣ ወደ መሸሃ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት ላይ ወዳሉት መንደሮች እንወርዳለን። በዚያ የምንሠራው ሥራ የ3 ቀን ነው፤ መሄጃና መመለሻው ከዚያ ይበልጣል። ማመልከቻችሁን ስናነብ አብዛኞቻችሁ ሕዝቡን ለመርዳት እንደምትሄዱ ጽፋችኋል። ዐሳባችሁን እናከብራለን። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው፣ 3 ቀን ብቻ የሚቆይ ሰው ምን ሊረዳ፣ ምንስ ሊያበላሽ እንደሚችል ነው።

አስቀድመን የምንሄድበትን አገር እንወቅ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድነት በዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፈረ። ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ተመድቦ ቆይቷል። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል እርሻ፣ ግጦሽና ሰፈራ ይገኙበታል፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በዚሁ ሳቢያ ቀዬአቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንግዲህ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ለአካባቢው ሰው ገቢ ነው፤ የፓርኩ ድንበር ግን ለዚያው ሰው የግጦሽ መሬት መጥበብ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ የሚኖር ሕዝብ ነው የሚቀበለን። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት የእንግዳው እግር ሲቀንስ፣ መንገድ መሪው፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው ገቢያቸውን አጥተዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ርዳታችሁ ደመወዝ ነው። ከእናንተ አንዳንዶቹ ሸክማቸውን ራሳቸው ለመሸከም ጠይቀዋል፤ ድኻውን ሰው ላለማድከም በማሰብ ይመስለናል። ባለ በቅሎው ግን ከቤቱ የወጣው ሊጫን ነው። ሻንጣችሁን በትከሻችሁ ስታደርጉ የቀን ዋጋውን ትወስዱበታላችሁ። በተወሰነው ተመን ክፈሉ፤ አትከራከሩ፤ በቅሎዋንም ከዐቅሟ በላይ አትጫኑ። መጫኛውን ማሰር የእርሱ ሙያ ነውና ለእርሱ ተዉለት።

ስለ መንገዱ ብዙ አንልም፤ መሪያችሁ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅ። ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው። እኛ እስከዚያ ባንወጣም ቧሂትን ስናልፍ ከ4,000 ሜትር በላይ እንሆናለን፤ አየሩም ይሳሳል። ራስ ምታት የሚጠበቅ ነው። ማስመለስ፣ መንገዳገድና የዐሳብ መደናገር ከተከተለ ግን መድኃኒቱ መውረድ ነው። መሪው ውረዱ ካለ እንወርዳለን፤ ሥራው ቢቋረጥም እንወርዳለን። የፓርኩ ጥበቃ አብሮን ይሄዳል፤ ይህም የፓርኩ ደንብ እንጂ የእኛ ምርጫ አይደለም። ሌሊት ውርጭ አለ፤ ወፍራም ልብስ ያልያዘ ሰው ለሌላው ሸክም ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራችን እንምጣ። የምንጠግነው ቀደም ሲል ጎልብቶ የነበረ፣ አሁን የተጎዳ ምንጭ ነው። ምንጭ ማጎልበት ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ውኃው የሚፈልቅበት ዐይን እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ዐይኑ በንጹሕ ድንጋይና በጠጠር ይሞላል፤ ከላይ በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ውኃው በቧንቧ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። ከምንጩ በላይ ጎርፍን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቀደዳል፤ ዙሪያው ከብት እንዳይገባ ይታጠራል። ታዲያ እንዲህ ያለ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በግንባታው ድክመት አይደለም። ቦዩ በደለል ይሞላል፤ አጥሩ ለማገዶ ይነቀላል፤ የቧንቧው ጎሚኒ አልቆ ውኃው ሌት ተቀን ሲፈስ ሥሩ ረግረግ ይሆናል፤ ከብት ገብቶ ይረግጠዋል። ጎሚኒው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ለመግዛት ግን የቀናት መንገድ ተሂዶ ደባርቅ መድረስ ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ሲሚንቶው ስንት ቀን ውኃ እንደሚፈልግ ሁላችሁም እንድታውቁ የምንፈልገው። ሲሚንቶ ከተለሰነ በኋላ እንዳይሰነጠቅ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት፣ በእርጥብ ጆንያም መሸፈን አለበት። በዚያ ከፍታ ደግሞ ሌሊት ውርጩ እንዳይመታው በላዩ ጭድ ይደረግበታል። እኛ የምንቆየው 3 ቀን ነው። የቀሩትን ቀናት የሚያጠጣው የመንደሩ ሰው ነው፤ እርሱ ቸል ካለ የእናንተ ላብ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አካፋ አናነሣም። የውኃ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ቦዩ የት እንደሚቀደድ፣ ልብስ ማጠቢያው በየት በኩል እንደሚሆን፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ኮሚቴው ነው። ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸውና እነርሱ ያልተናገሩበት ስብሰባ እንደተካሄደ አንቆጥረውም። ወንዶቹ ብቻ መጥተው ከሆነ በትሕትና ጠይቀን እንጠብቃለን። ይህ አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ከእናንተ መካከል ቀኑ ባከነ ብሎ የሚያዝን እንደሚኖር እናውቃለን፤ ያም ሆኖ አናሳጥረውም።

መድኃኒትን በተመለከተ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ውሳኔያችን ይህ ነው፤ ለየራሳችሁ ከምትወስዱት በቀር ለማንም መድኃኒት አትሰጡም። መንደር እንደገባን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ዐይናቸው የታመመ፣ ቁስል ያለባቸው ይኖራሉ። እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ለ7 ቀን የሚዋጠውን አንቲባዮቲክ 3 ፍሬ ሰጥቶ የሚያልፍ እንግዳ በሽታውን አያድንም፤ ጀርሙን መድኃኒት ያለማምደዋል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ፣ 2 ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመደቡ ቆይተዋል። እንግዳ በከረጢቱ ክኒን ይዞ ሲመጣ ሕዝቡ ከእነርሱ ይልቅ እንግዳውን መጠበቅ ይለምዳል። እኛ የታመመውን ወደ እነርሱ እንልካለን፤ መሄድ ያቃተውን በራሳችን በቅሎ እናደርሳለን። በአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ የተስፋፋ የዐይን በሽታ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የልጆችን ፊት አዘውትሮ ማጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። ለዚያም ውኃው ቅርብ መሆን አለበት፤ የእኛም ሥራ እዚህ ላይ ነው።

እስክሪብቶና ከረሜላም እንዲሁ ነው። በመንገድ ዳር ለልጅ የተሰጠ እስክሪብቶ ነገ በጎቹን ትቶ፣ ይባስም ብሎ ትምህርቱን ትቶ መንገደኛ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ደብተር ያመጣችሁ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በቆጠራ አስረክቡ።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። በ12፣ በ21 እና በ29 የሚካኤል፣ የማርያምና የባለ እግዚአብሔር በዓላት ናቸው፤ የአጥቢያው ታቦትም የራሱ ቀን አለው። በእነዚህ ቀናት ገበሬው አፈር አይቆፍርም። ከከተማ ዕቅድ ነድፎ የሚመጣ ሰው ይህን ሳያይ ቀን ቆርጦ ሠራተኛ ሲያጣ ሕዝቡ ሰነፍ ነው ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ እንሰማለን፤ እጅግ ያሳዝነናል። እኛ ቀኑን የቆረጥነው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተማክረን ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እየጾመ ድንጋይ ከሚሸከም ሰው ፊት ስንቃችሁን አትፍቱ፤ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳው እናደርገዋለን። መንገዳችን የሚያልፍባቸው መንደሮች ሁሉ ክርስቲያኖች ብቻ የሚኖሩባቸው አይደሉም፤ የግጭም ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የገባችሁበት ቤት የማን እንደሆነ መሪያችሁን ጠይቃችሁ ተቀመጡ። የገብስ ቆሎና ቡና ሲቀርብላችሁ ጥቂትም ቢሆን ቅመሱ፤ ሙሉ ሌማት ሲቀርብ ግን የቤቱ ልጆች መብላታቸውን ሳታዩ አትጨርሱ።

የመጨረሻውን ቀን ርክክብ ብቻ አድርገነዋል። 2 መለዋወጫ ቧንቧ፣ አንድ ካርቶን ጎሚኒና መፍቻ በኮሚቴው ፊት ተቆጥረው ይሰጣሉ። ማን በየትኛው ቀን ሲሚንቶውን እንደሚያጠጣ ኮሚቴው ተራ ያወጣል፤ ጎሚኒ መለወጥን ከመንደሩ ቢያንስ 2 ሴቶችና 2 ወንዶች በእጃቸው ሠርተው ያሳዩናል። እነርሱ ሳያሳዩን ጭነት አይጫንም።

ጭነት የሚመዘነው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ እስከ ጨነቅ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ይሄዳል። እርጥበት ከነካው ድንጋይ ይሆናልና እያንዳንዱ ከረጢት በላስቲክ ይጠቀለል። የግል ሻንጣችሁ ከ10 ኪሎ እንዳይበልጥ፤ የተረፈውን የበቅሎ ዐቅም ለሲሚንቶው እንፈልገዋለን። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁ ዛሬውኑ ለብቻ አነጋግሩን። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።