የቤት ውስጥ ኔትወርክ፣ የጋራ ፕሪንተርና የባለጉዳይ አደራ

(በኮልፌ ቀራንዮ ለሚኖሩ የማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ሦስት ኮምፒዩተሮች በአንድ ፕሪንተር እንዲጠቀሙ ማድረግ ንግግር የሚያሻው ጉዳይ ነውን? የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎች ሒሳብ የሚዘጉት፣ ሰነድ የሚተረጉሙትና ውል የሚያረቁት በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ቤት የሥራ ቦታ ሲሆን፣ የቤቱ ፕሪንተር የባለጉዳይ ሰነድ የሚያልፍበት በር ይሆናል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ ሳይዛባ ወረቀት ላይ ስለሚደርስበት መንገድና፣ ባለጉዳዩ አምኖ የሰጠን ሰነድ ከማይገባው ሰው እጅ እንዳይወድቅ ስለሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

በመሠረቱ ፕሪንተርን በጋራ የመጠቀም አሳብ ከኔትወርክ ታሪክ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ጣቢያ፣ ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለው መሐንዲስ የሌዘር ፕሪንተርን ሠራ። መሣሪያው ግዙፍና ውድ ስለ ነበረ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ማደል የሚታሰብ አልነበረም። በዚያው ጣቢያ ሮበርት ሜትካፍ በግንቦት 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ኢተርኔት የተባለውን የማገናኛ ዘዴ በማስታወሻ ጽፎ አቀረበ። ከዚያም አልቶ የተባሉት ኮምፒዩተሮች በአንድ ገመድ ተያይዘው ሥራቸውን ለአንድ ፕሪንተር ይልኩ ጀመር። ዛሬ ከራውተራችን ጀርባ የምንሰካው ገመድ የዚያ ዘዴ ተወላጅ ነው።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከወይራ ሠፈር እስከ ዓለም ባንክ የተለመደው አሠራር ሰነዱን በፍላሽ ገልብጦ ፕሪንተር ወደ ተያያዘበት ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሠፈሩ ጽሕፈት ቤት ይዞ መሄድ ነው። ይህ ልማድ ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የሰነዱ ግልባጭ በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛው ግን በተለይ እኛን በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውን የሚመለከት ነው።

እንደሚታወቀው የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዐት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደል መለያ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ፎንቱ በሌላ ሲተካ መስመሩ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይዛባል፣ የፊርማው ቦታ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። በኔትወርክ ሲታተም ግን ገጹን ለኅትመት የሚያሰናዳው ጽሑፉ የተጻፈበት ኮምፒዩተር ራሱ ስለሆነ፣ ፕሪንተሩ የሚቀበለው የተዘጋጀውን ገጽ ነው። ጸሐፊው በመስኮቱ ያየውን ወረቀቱም ላይ ያገኘዋል።

ስለ አሠራሩ አንድ ቤት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በግቢው ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከበስተኋላው ሰርቪስ ቤት አለ እንበል። አባወራው ሒሳብ ሠራተኛ፣ እመቤቲቱ ተርጓሚ ናቸው፤ ልጃቸውም ተማሪ ነው። ፕሪንተሩን በዩኤስቢ ገመድ ከአንዱ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ለሌሎቹ ማጋራት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ኮምፒዩተር በተዘጋ ጊዜ የሁሉም ሥራ ይቆማል። ዊንዶውስ ለዚሁ ተብሎ ይዞት የነበረው ሆም ግሩፕ የተባለው ዘዴም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ተነሣ፣ በድሮ መመሪያ የሚሞክሩት ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ። ስለሆነም ኔትወርክ የሚቀበል ፕሪንተር ያለው ሰው በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ማገናኘቱ ይመረጣል። ይህን ሲያደርግ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መሥመሩ ተቋርጦ ቢውልም በቤት ውስጥ ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። የዋይፋዩ ኃይል የብሎኬትና የቤቶን ግድግዳ አልፎ ሰርቪስ ቤቱ ሲደርስ ስለሚደክም ገመድ መዘርጋት ይሻላል፤ የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር ያገለግላል። ሆኖም በግቢው ላይ የተንጠለጠለ ገመድ በክረምት መብረቅ መሣሪያዎቹን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ሲመጣ መንቀል ያስፈልጋል።

«መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ፕሪንተሩ ጠፋ» የሚለውን አቤቱታ ሁላችንም ሰምተናል። ፕሪንተሩ የትም አልሄደም፤ የተለወጠው አድራሻው ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ያድላል፤ መብራት ጠፍቶ ሁሉም እንደገና ሲነሡ ለፕሪንተሩ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል፤ ኮምፒዩተሮቹ ግን በቀድሞው አድራሻ ይፈልጉታል። መድኀኒቱ በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ ለፕሪንተሩ አንድ ቁሚ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50ን፣ መመደብና በየኮምፒዩተሩ ፕሪንተሩን በዚሁ ቁጥር መመዝገብ ነው። በተጨማሪም ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን በሙቀት ስለሚያጣብቅ ሲሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ስለዚህ ከአነስተኛ ዩፒኤስ ጋር አይገናኝ። ለዩፒኤሱ ራውተሩና ኮምፒዩተሩ ይበቁታል።

አሁን ወደ አደራው እመጣለሁ። የዋይፋይ የይለፍ ቃላችንን ለጎረቤትና ለእንግዳ የመስጠት ልማድ አለን፤ መልካም ጉርብትና ነው። ነገር ግን በቤቱ ኔትወርክ የገባ ሰው ፕሪንተሩን ያገኘዋል፤ ፕሪንተሩ ስካነር ያለውና ያልተቆለፈ እንደ ሆነም በላዩ የተረሳውን መታወቂያ ወይም ውል ከሌላ ክፍል ሆኖ ማንሣት ይቻላል። ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ ይከፍታሉና እንግዳውን በዚያ እናስተናግደው። ፕሪንተሩና ራውተሩ ከፋብሪካ የመጡበትንም የይለፍ ቃል እንለውጥ። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ውስጥ ፕሪንት ናይትሜር የተባለ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ማይክሮሶፍት አስቸኳይ ማሻሻያ ማውጣቱ ይታወሳል። ማሻሻያ ያልተጫነበት ኮምፒዩተር እንደዚህ ላለው ጥቃት የተጋለጠ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ምስጢር የሚባክነው ግን በፕሪንተሩ አፍ ላይ ተረስቶ በሚያድር ወረቀት ነው። የአባወራው የደመወዝ ዝርዝር ከልጁ የቤት ሥራ ጋር ተደርቦ ትምህርት ቤት ሊደርስ ይችላል። የምስጢር ቁጥር ሲነገረው ብቻ የሚያትም ፕሪንተር ያለው ሰው በዚያ ይጠቀም፤ የሌለው ደግሞ ሳይነሣ አይዘዝ፣ ያዘዘውንም ሳያነሣ አይሂድ። የተበላሸ ገጽም ለልጆች የሥዕል ወረቀት ከመሆኑ በፊት ይቀደድ። በጋራ መሣሪያ ላይ የቶነሩንና የወረቀቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ማሻሻያውንም ማን እንደሚጭን አስቀድሞ መወሰን ለቤቱም ሰላም ይበጃል።

እንግዲህ ለማኅበሩ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በቤታቸው የሚሠሩ አባሎች የባለጉዳይን ሰነድ በፍላሽ ይዞ መዞርን ትተው በራሳቸው ኔትወርክ እንዲያትሙ፣ መሣሪያ የሚያስተካክልላቸው ያጡትንም በየሠፈሩ ያሉ ዕውቀቱ ያላቸው አባሎች ለግማሽ ቀን ሄደው እንዲረዷቸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገመድ፣ አንድ ቁሚ አድራሻና ሁለት አዲስ የይለፍ ቃሎች ናቸው።